ሐኪም ገላው መትተው የጣሏት መንኮራኩር

ብቸና ጤና ጣቢያ ሐኪም ገላው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሐኪም ያላቸው አገሬው ነው እንጂ መንግሥት አይደለም፤ በመዝገብ ላይ ድሬሰር ናቸው። ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ የተሰበረ እጅ በጀሶ ያስራሉ። እኔ ስማቸው እባላለሁ፤ እዚያው የበሽተኛ ካርድ ጸሐፊ ነበርሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። ስለዚህ የማወራው ከወሬኛ የሰማሁትን አይደለም። የጥፋቱም ግማሽ የኔ ነው፤ ስደርስበት እናገራለሁ።

ቁመታቸው ረዥም፣ ነገራቸው አጭር ነበር። ገበሬው ቁስሉ ቶሎ እንዲደርቅለት ሲለምናቸው እሺ አይሉም። «ከላይ ቀድሞ የደረቀ ቁስል ከሥር ይመግላል» ይላሉ ፋሻውን እየፈቱ። «ክፍት ይቆይ። ከታች ጀምሮ ይሙላ።» በዚህ አያያዛቸው ስንቱ እግሩ ከመቆረጥ ድኗል። የሰውን ሁሉ ቁስል እንዲያ በትዕግሥት የያዙ ሰው የራሳቸውን ግን በአንድ ቀን ሰፍተው ዘጉት።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ አምባቸው። እናቱ በአራት ዓመቱ ስለሞተችበት ያደገው ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀን ባዶ ያገኘው አልጋ ላይ ይተኛል፣ በመድኃኒት ካርቶን ይጫወታል። በ1956 ዓ.ም. የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ሒሳብ ያስተምረው የነበረ አንድ አሜሪካዊ አገሩ ሲገባ ካርቶን ሰጠው። ካርቶኑ ላይ በከዋክብት መሐል የምትበር መንኮራኩር ተስላለች፤ ውስጡ ግን ግራጫ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ብቻ ነው። «ገጣጥመህ የምትሠራት ናት፤ ጨረቃ ትሄዳለች» አለኝ ልጁ። አሜሪካዊው ትርፍ ዕቃውን ጥሎበት ሄደ ብዬ ስቄበት ነበር።

በሳምንቱ ክንድ የምታህል መንኮራኩር ይዞ መጣ። ሁለት የጎን ክንፍና አንድ የጅራት ክንፍ አላት፤ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክዳን፣ ከክዳኑ ሥር ደግሞ የጣት ጥፍር የሚያህል ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በእጁ ከፍ አድርጎ ይዟት፣ በአፉ ሞተር እየሆነ፣ ከጤና ጣቢያው እስከ ገበያው ይሮጥ ነበር። አንድ ቀን ወባ የሚያንቀጠቅጣቸው ሽማግሌ ደረት ላይ ቢያሳርፋት ሽማግሌው «መጡብኝ!» ብለው ካልጋው ዘለሉ። ሐኪም ገላው ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው አባይን ተሻግሮ ሸዋ ገባ፤ የጦሩ አውሮፕላን ቤት ተቀጠረ አሉን። ከጥቂት ወር በኋላ አንድ ፎቶግራፍ ላከ። ካኪ ለብሶ፣ እጁን የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል። ደብዳቤው «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት» ከማለት በቀር ስለ ሥራው አንዲት ቃል የለበትም። ምን ቸገረን! ፎቶግራፉን አየነው፣ አብራሪ አደረግነው። ሐኪም በመስተዋት አስገብተው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት፤ አዮዲን ሲነካው የሚጮኸውንም በሽተኛ «ልጄ እኮ አውሮፕላን ያበርራል» እያሉ ሕመሙን ያስረሱት ጀመር።

1960 የግብሩ ዓመት ነው፤ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ግብር አምፆ መንግሥት የጦር አውሮፕላን ላከበት። የቀረውን አገሩ ያውቀዋል፤ ያልነበረ ከአባቱ ይጠይቅ። በግንቦት አንድ ቀን አውሮፕላን በሞጣ በኩል ዝቅ ብሎ አለፈ። የሐኪም ታላቅ እህት፣ እትዬ ይርገዱ፣ ሞጣ አጠገብ ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ይኖሩ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ደንግጠው ከላሞቻቸው ጋር ሮጡ። ላሞቹ ገደሉ አፍ ላይ ዞሩ፤ እሳቸው መዞር አልቻሉም። ሐኪም ሄደው ቀብረዋቸው ተመለሱ።

በሠልስቱ ቤቱ ሰው ሞልቶት ሳለ ሐኪም ተነሥተው ፎቶግራፉን ከግድግዳ አወረዱና ፊቱን ገልብጠው መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የነፍስ አባታቸውን የአባ ወልደ ሰንበትን መስቀል ያዙ። «ያ ልጅ የሚያበርረው ነገር ተመትቶ፣ ከሰማይ ወድቆ፣ ስብርባሪውን በዓይኔ እስካላይ ድረስ ከደጄ እንዳይደርስ» አሉ። «ስሙን የሚያነሣብኝ፣ ወሬውንም የሚያመጣብኝ አብሮ የተገዘተ ይሁን።»

«ተው ገላው፣ ሐዘን ላይ ሆነህ አትናገር» አሏቸው አባ ወልደ ሰንበት።

«ይገዝቱልኝ፤ አለዚያ መስቀሉን አለቅም።»

አባ እንባቸው እየወረደ ገዘቱ። ልጁ እዚያች አውሮፕላን ላይ ነበረ ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ የለም። ፎቶግራፉ ለኩራት እንደበቃን ለግዝትም በቃን።

ግዝት ለማያውቀው ቃል ነው፤ ለኛ ግን አጥር ነው፣ የማይዘለል። አባ ወልደ ሰንበት በዓመቱ ክረምት ሞቱ። በዚያው ክረምት ሰዎች ጨረቃ ላይ ወጡ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር ጠጅ ቤት ነበርን። ሁሉም አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ ሐኪም ገላው ብርሌያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ። ለምን እንደወጡ የገባው ለእኔ ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሯቸው ለማውራት ያስቸግራል፤ የሚወራ ነገር አልነበረበትምና። በሽተኛው ካለቀ በኋላ የተደረደረ ጠርሙስ አውርደው እንደገና ይደረድራሉ። እንጀራ ከገበያ ገዝተው ሹሯቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። መደርደሪያቸው ላይ ሁለት ኩባያ ነበረ፤ አንዱ ሁልጊዜ እንደተደፋ ነው፣ ግን ይታጠባል። ለፋሲካ እየጎተትሁ ቤቴ አመጣቸዋለሁ፤ ሦስት ጉርሻ ይጎርሱና «በሽተኛ ይጠብቀኛል» ብለው ይሄዳሉ። በፋሲካ ምን በሽተኛ አለ? በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያያሉ። እውነቱን ለመናገር፣ አዝንላቸውም እናደድባቸውም ነበር። በገዛ አፋቸው ያመጡት ነው እላለሁ፤ ደግሞ ምግቡ አይወርድልኝም።

አሁን የኔ ጥፋት ጋ ደርሻለሁ። በ1963 ኅዳር ላይ መድኃኒት ላመጣ ሞጣ ተላክሁ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሳልፍ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ዱቄት ያለበሰው ወጣት ቀበቶውን ያጠብቃል። ቀና ሲል አምባቸው ነው።

«ጋሼ ስማቸው» አለ፤ ቀጥሎ «ሐኪም ደህና ናቸው?» አባቴ አላለም። እንደማንም በሽተኛ ሐኪም አለ።

የአውሮፕላኑን ሥራ ከተወ መንፈቅ ሆኖታል። ግዝቱን በደብዳቤ ሰምቷል፤ ብቸና መግባት አልደፈረም፤ ልቡ ደግሞ ከሞጣ በላይ አላራቀውም። በየወሩ ወደ አክስቱ መቃብር ይወርዳል። «ልንገርልህ?» ስለው በእንቢታ ራሱን ነቀነቀ። «ግዝቱ አንተንም ይይዝሃል፤ ልጆች አሉህ» አለኝ። እንዲህ ያለውን ልጅ ነው እንግዲህ የገዘትነው።

ብቸና ስመለስ ሐኪም ገላው የመድኃኒቱን ሣጥን እየከፈቱ «ሞጣ እንዴት ሰነበተች?» አሉኝ።

«ደህና ናት» አልሁ።

ከሞጣ ብቸና በጭነት መኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እኔ ያን «ደህና ናት» ብዬ ዓመት ከመንፈቅ ዝም አልሁ። ግዝቱን መፍራቴ እውነት ነው፤ ልጆቼም እውነት ናቸው። ግን ሌሊት ከእንቅልፌ ሲያባንነኝ የነበረው ግዝቱ አይደለም፤ ያቺ መልሴ ናት።

በ1964 ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ብገባ ሐኪም ቆጡን እያጸዱ ያንን ካርቶን አውርደዋል። መንኮራኩሯ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆናለች። አንድ ክንፏ ተላቋል፣ የጅራቷ ክንፍ ጠፍቷል፣ ሆዷ በቆርቆሮው ሙቀት ተጣሟል፤ አንዱን ጎኗን አይጥ በልቶታል። ካርቶኑ ውስጥ ልጁ ሳይጠቀምባቸው የቀሩ ቁርጥራጮች አሁንም አሉ።

«ልጠግናት ነው» አሉ ሳልጠይቃቸው። የማን ዕቃ እንደሆነች አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም።

እንደ ቁስለኛ ያዟት። በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ አጠቧት፣ ቁርጥራጩን በፋሻ ሳህን ላይ ደርድረው በመቆንጠጫ አነሡ። ማጣበቂያ ብቸና ከየት ይመጣል? ሙጫ ሞከሩ፤ ደረቀና ተላቀቀ። የፈረስ ፀጉር የምታህል ቀጭን ክር አሰሩባት፤ አላማራቸውም። አንድ ቀን ቀኑ ያለፈበት ክሎሮፎርም የሚባል ማደንዘዣ ሊደፉ ሲሉ ጠብታው ክንፉ ላይ ቢያርፍ ፕላስቲኩ እንደ ሰም ለሰለሰ፤ ሊጠርጉት ሲሉ የአውራ ጣታቸው አሻራ ታትሞ ቀረ። ከዚያ በኋላ በጥጥ ጫፍ እየነኩ ስብራቱን ሁሉ አገናኙት። ያች የጣት አሻራ ግን አልጠፋችም።

በሁለት ሳምንቱ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ጠሩኝ። የጅራቱ ክንፍ የለም፣ ሆዷ እንደተጣመመ ነው፣ አይጥ የበላው ጎን ክፍት ነው። አፌ ደግሞ ቀዳዳ ነው፣ የመጣለትን ያፈሳል።

«ሐኪም፣ ጠገንኋት ይላሉ እንጂ ተመትታ የወደቀች ነው የምትመስለው!»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን አልህ?»

«ቀልዴን ነው…»

«ያልኸውን ድገመው።»

ደገምሁት። ወንበር ስበው ተቀመጡና እስከዛሬ ያልነገሩኝን ነገሩኝ። ባለፈው ዓመት፣ ደብረ ወርቅ፣ ቄስም የቅኔ መምህርም ከሆኑት ከመሪጌታ ሣህለ ማርያም ዘንድ በእግራቸው ሄደው ግዝቱ እንዲፈታላቸው ለምነው ነበር። መሪጌታ «የካህኑ ግዝት ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ባልን» ብለዋቸዋል። «አንተ ግን መስቀል ይዘህ ማልህበት፤ መሐላህን እኔ አልበላልህም። ወይ ያልኸው ይሆናል፣ ወይ እንደታሰርህ ትኖራለህ።» ሐኪም ተመልሰው ሲመጡ ሁለት ቀን እንደታመሙ አስታወስሁ፤ ጉንፋን ነው ብለውን ነበር።

«በዓይኔ እስካላይ ነው ያልሁት» አሉ መንኮራኩሯን እያዩ። «ዓይኔ ካመነ ግዝቱ ይወርዳል።»

«ሐኪም፣ ይቺ መጫወቻ ናት እኮ።»

«ያ ልጅ ሲያበርር በዓይኔ ያየሁት ይቺን ብቻ ነው» አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ስለሱ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው። እኔ ምን ልበል? ሞጣ ደህና ናት ያለ ሰው መሟገት ያምርበታል?

የጠገኗትን መልሰው ማቁሰል ጀመሩ። መርፌ በአልኮል መብራት አግለው ከላይም ከታችም በሷት። ቢጨርሷት ወንፊት ሆነች። ግራ ቀኝ አዩዋትና «የተረገጠች እንጂ የተመታች አይደለችም» ብለው ጥለዋት ወጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይበቃዋል፤ ግን የሚታለለው የሳቸው ዓይን ነው፣ ሃያ ዓመት የጥይት ቁስል ያየ ዓይን።

መጋቢት ላይ በድንበር የተጣላ አንድ ገበሬ ጭኑን በጥይት ተመትቶ መጣ። ሐኪም ቁስሉን አጠቡለት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጭኑን ከጎን አዩት፣ ከሥርም አዩት። ሰውየው «ልቆረጥ ነው ወይ?» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። እሳቸው ግን የሚያስቡት ስለ ጭኑ አልነበረም፤ ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን ያጠኑ ነበር። ቤታቸው ሲገቡ የድሮውን ቀዳዳ ሁሉ በትርፍ ቁራጭና በክሎሮፎርም ደፈኑትና እንደገና ጀመሩ። ከመሬት ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው የሚመታው ከታች ነው፤ ስለዚህ መግቢያው ሆዷ ላይ ሆነ፣ ጠባብና ክብ፤ መውጫው ጀርባዋ ላይ፣ ሰፊና ከንፈሩ ወደ ውጭ የተገለበጠ። የሚያጨስ ኩራዝ አስጠግተው ጥላሸቱን ከቀዳዳው ወደ ኋላ ብቻ አስኬዱት። «እየሄደች ነው የተቃጠለችው፤ ጭሱ የሚቀረው ወደ ኋላ ነው» አሉኝ። የቁስል ማጠቢያውን ፐርማንጋኔት አበጥብጠው ዝገት አስመሰሉት፤ የሲጋራ ብርማ ወረቀት አሽተው ቀለሙ የተላጠበት ብረት አደረጉት፤ የተቃጠለ ሬዲዮ ሽቦ አውጥተው አይጥ በበላው ጎኗ እንደ አንጀት ዘረገፉት። ጀሶና ዋልካ ለውሰው ሰፊ ትሪ ላይ መሬት ሠሩላትና አፍንጫዋን ቀበሩት፤ ከኋላዋ ደግሞ ረዥም ትልም አወጡ። ስትወድቅ መሬቱን አርሳው ነበር የቆመችው።

የሚሠሩት ከበሽተኛ በኋላ፣ መስኮቱ ሥር ነው። በሚካኤል ቀን ሲሠሩ ደረስሁባቸውና «በበዓል?» አልሁ።

«ሥራ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ንስሐ ነው» አሉና ጎንበስ አሉ። በሩን መልሼ ወጣሁ።

ሁሉም አልቆ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ክዳኑና ወንበሩ፣ ከነሰውየው፣ እንደ ጥንቱ ንጹሕ ናቸው። ጥላሸቱ እዚያ ይደርስና ይቆማል። አንድ ሳምንት መርፌውን ያግላሉ፣ ያስጠጋሉ፣ ይመልሱታል። «ይህማ አልተመታም» ይላሉ፤ መልሰው ደግሞ «አልችልም» ይላሉ። መቼም ሰው ጥፍር ለምታህል ፕላስቲክ እንዲህ አይሆንም። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት ስገባ ክዳኑን በምላጭ ከፍተው፣ ልጁ ያኔ ያጣበቀውን ሰውዬ ዙሪያውን በክሎሮፎርም እያለሰለሱ በመቆንጠጫ ይስባሉ። ላብ አጥምቋቸዋል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«በአደጋ ቦታ መጀመሪያ ሰው ይውጣ» አሉ። «እንዴት ረሳሁት?»

ሰውየው እግሩም እጁም ሳይጎድል ወጣ። በጥጥ ጠርገው የጋዋናቸው የደረት ኪስ ውስጥ፣ ከሙቀት መለኪያው ጎን አስቀመጡት። ከዚያ ክዳኑን ሰበሩ፣ ባዶውን ወንበር አቃጠሉ፤ በዚህ ጊዜ መርፌውን አልመለሱትም።

መሪጌታ ሣህለ ማርያም ግንቦት ልደታ ሰሞን ዓይናቸውን ሊታከሙ ብቸና መጡ። ሐኪም ጠብታውን ካደረጉላቸው በኋላ ቤታቸው ወስደው ትሪውን ፊታቸው አቀረቡ፤ ነገሩንም አስረዱ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። መሪጌታ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳበሷት፤ ቀዳዳዋን፣ ሽቦዋን፣ ትልሙን።

«የኔ ዓይን ደክሟል፤ የምጠይቅህም ስለኔ ዓይን አይደለም» አሉ። «የማልኸው በዓይንህ ነው። እየው። ተመትቶ የወደቀ አየህ?»

ሐኪም ገላው ቆመው አዩ። መጀመሪያ እንደ ድሬሰር ነበር የሚያዩት፣ ስህተት ፍለጋ። ቆይቶ ፊታቸው ተለወጠ።

«አየሁ» አሉ። «አየሁ የኔታ። ወድቋል።»

«የነበረበት ሰውስ?»

ሐኪም ደረታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ወጥቷል። ተርፏል።»

መሪጌታ መስቀላቸውን አወጡ፣ ጸሎት ደገሙ፣ ግዝቱን ፈቱ። «የማልኸው ደርሷል። ሁለተኛ ግን ሐዘን ላይ ሆነህ መስቀል አትያዝ» ብለዋቸው፣ ምርኩዛቸውን እየመቱ ሄዱ።

ሐኪም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እየሳቁ ነው እያለቀሱ ለማለት ያስቸግር ነበር። «አሁን ወዴት ብዬ ልጻፍለት?» አሉኝ። «ከሄደ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። ሸዋ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? ስማቸው፣ ጻፍልኝ እስቲ፣ የእጅህ ጽሕፈት ይሻላል።»

ግዝቱ ወርዷል፤ አፌ ተፈትቷል። ምነው ታስሮ በቀረ ያልሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሸዋ የለም» አልሁ። «ሞጣ ነው ያለው። ወፍጮ ቤት።»

«ሞጣ?»

«ሞጣ።»

«መቼ አየኸው?»

«አምና ኅዳር። ለመድኃኒት የሄድሁ ጊዜ።»

ሲያሰሉ ይታየኛል፤ ግማሽ ቀን መንገድ፣ አሥራ ስምንት ወር። ሁለት ፋሲካ አልፏል። ያንን «ደህና ናት» የሚለውን መልሴንም አስታወሱት መሰለኝ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ገዝተውን ነበር እኮ ሐኪም» አልሁ። «ወሬውን ያመጣብኝ ብለው…»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያስገዘትሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወንበራቸውን አዙረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ፎቶግራፉ ይሰቀልበት ወደነበረው ምስማር መለሱ። «ሂድና አምጣልኝ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሞጣ ወረድሁ። አምባቸው ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ሞተሩን አጠፋና ከዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ሠሯት? በገዛ እጃቸው?» ይላል ደጋግሞ። ፊቱን ታጠበ፣ ካልሲ ተበደረ፣ በጭነት መኪና ተሳፈርን። ብቸና እስክንደርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጸጉራቸው ሸብቷል?»

ሐኪም ገላው ደጃፋቸው ላይ ከውስጥ ቆመዋል፤ ጋዋናቸውን አጥበው እንደለበሱ ናቸው። ልጁ ከደጃፉ ውጭ ቆመ። በመሐላቸው ያለው የበሩ መድረክ ብቻ ነው። የልጁን ትንሽ ሻንጣ እንደያዝሁ ከኋላ ቀረሁ።

አምባቸው አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ነሣ። በአባቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን አየ። ዓይኑ ከሆዷ ቀዳዳ ወደ ጀርባዋ ሄደ፤ ባዶው ወንበር ላይ ቆመ።

«ያኔ» አሉ ሐኪም። የበሩን መቃን ያዙ። «ያኔ፣ በይርገዱ ላይ ያለፈው… አንተ ነበርህ?»

«እኔ አልበረርሁም አባባ።»

«ፎቶግራፉስ?»

«ከአውሮፕላን አጠገብ መቆም የማይወድ ማን አለ? ጎማ ነበር የምነፋው። መሬት ላይ። እስክወጣ ድረስ ከመሬት ተነሥቼ አላውቅም።» ጠረጴዛው ላይ ያለችውን በአገጩ አመለከተ። «እኔ ያበረርሁት ያቺን ብቻ ነው።»

ዝናብ ሊመጣ ሰማዩ ጠቁሯል። ከጎረቤት በግ ይጮኻል። ሐኪም ገላው የደረት ኪሳቸውን ይዘው ቆመዋል። አራት ዓመት ሙሉ የገዘቱት፣ ብቻቸውን የበሉት፣ ያን ተደፍቶ የሚታጠብ ኩባያ፣ ሁሉም ጎማ በሚነፋ ልጅ ላይ ነበረ። ግን እኚያ ሰው ቁስል ሳያጠሩ አይዘጉም።

«የዚያችንም አውሮፕላን ጎማ ነፍተህ ይሆናል» አሉ።

ልጁ ሊክድ ይችል ነበር። ማን ያየዋል? «ሳልነፋ አልቀርም» አለ። «የሁሉንም እነፋ ነበር። የአክስቴን ሞት የሰማሁ ቀን መንፋቱን ተውሁት፣ እንድወጣ እስኪፈቅዱልኝ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።»

ሐኪም ገላው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀስ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ያንን ጥፍር የሚያህል ሰውዬ አወጡ። መድረኩን አሻግረው በልጃቸው መዳፍ ላይ አስቀመጡት፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፉለት፣ ፋሻ እንደሚያስይዙት በሽተኛ።

«ግባ» አሉት።

አምባቸው ጎንበስ ብሎ ገባ። ያኔ አገር ጥሎ ሲሄድ ያ በር ራሱን አይነካውም ነበር።

እኔ ሻንጣውን መድረኩ ላይ አስቀመጥሁት። ከውስጥ ውኃ ሲቀዳ፣ ኩባያም ሲቀመጥ ይሰማል፤ አንድ፣ ቆይቶም ሁለተኛው። እኔን ግባ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እንዲሉኝ መጠበቅም አይገባኝም ነበር። ዝናቡ ሲጀምር በአጥሩ ዞሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።